ባዶ ሆድህን ና

ፍቅር በዐይን ይጀምራል ይባላል። የስማራንዳና የቶአደር ግን በሆድ ነው የጀመረው። ያውም በተገለጠ ሆድ ላይ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሲስተር ፍሎሪካ በሩ ላይ ቆማ እያየች።

ስማራንዳ የአልትራሳውንድ ሐኪም ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በሰሜን ሮማንያ፣ ቡኮቪና ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጉበት ስታይ ኖራለች። ባሏ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ጣልያን ሄደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ከዚያ ወዲህ ወንድ የምታየው በስክሪኗ ላይ፣ ከቆዳ በታች ያለውን ብቻ ነው። ጓደኞቿ ሲቀልዱባት «ከቆዳ በላይ ያለው አያስተማምንም» ትላቸዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት የገጠር ሰዎች ተራ ነበር። ፖም በሚለቀምበት ሰሞን በአንዱ ቅዳሜ አንድ ረዥም፣ ጢሙ ወደ ታች የተንጠለጠለ ሰውዬ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

«ስምዎ?»

«ቶአደር።»

«ሥራዎስ?»

«የፖያና መንደር ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነኝ። ከቄሱ ቀጥሎ የምጮኸው እኔ ነኝ።»

ሲስተር ፍሎሪካ ሳቋን ዋጠች።

«ጠዋት ምግብ ቀምሰዋል?»

«ኧረ ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዶክተር፣ ዘማሪ ነኝ አልኩዎት እኮ። አልዋሽም።»

«እንግዲያው ይተኙና ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉ። ቅባቱ ይቀዘቅዛል።»

«የኛ ቤተ ክርስቲያን ጥር ላይ ምድጃ የለውም። ቅዝቃዜ አይደንቀኝም» አለና ቅባቱ ሆዱ ላይ ጠብ ሲል «እመብርሃን!» ብሎ ከአልጋው ሊነሳ ነበር።

የዚያን ጊዜ ስማራንዳም ሳቀች። ሥራ ላይ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

የቶአደር ነገር እንዲህ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንዱን የመስታወት መርፌ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ በሚያዳርሱበት ዘመን፣ የጉበት ቫይረስ ገባበት። ቫይረሱ ዓመት ቆጥሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ሲበላ ኖረ። ከአራት ዓመት በፊት በመጣ አዲስ ኪኒን ቫይረሱ ጠፋ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ጉበት ሲጠባሰስ ደግሞ ከአንጀት የሚመጣው ደም እንደ ልቡ አያልፍም። ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማለፊያ ሲያጣ በጓሮ ይዞራል። የጓሮው መንገድ ከጉሮሮ የሚወርደው የምግብ ቱቦ ግርጌ፣ ጨጓራ አፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ናቸው። እነሱ አብጠው አንድ ቀን ከፈነዱ ሰው ደም እየተፋ ይሞታል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም ሥር ይታያል፤ ደሙ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለካል። ከዘገየ ነገር አለ ማለት ነው።

ስማራንዳ ደም ሥሩን አገኘችውና የመሣሪያውን ድምፅ ከፈተችው። ክፍሉን ወፍራም፣ የማይቆራረጥ ሹክሹክታ ሞላው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ቶአደር።

«ደምዎ ነው። ወደ ጉበት ሲገባ።»

«ልብ እንዲህ አይመታም።»

«ልብ አይደለም። ይሄኛው አይመታም፤ ዝም ብሎ ይፈስሳል።»

ቶአደር ዐይኑን ጨፈነ። ትንሽ አዳመጠና ከደረቱ ሥር፣ ልክ በዚያው ድምፅ፣ «ምምም...» ብሎ ያዘ። ከመሣሪያው ጋር ገጠመ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እኛ ስናዜም አንዱ ዜማውን ያወጣል፣ ሌላው ከሥር አንድ ድምፅ ይዞለት ይቆያል። አይወጣም፣ አይወርድም። ያ ሰው ከሌለ ዜማው ይወድቃል። ይሄ ደም ሥርም ሥራው እንደዚያ ነው የመሰለኝ።»

ያንን ድምፅ በሺህ ሰው ሆድ ላይ ሰምታዋለች፤ አብሮት ያዜመ ሰው ግን አልነበረም። ስማራንዳ ቁጥሩን አነበበች። በሴኮንድ አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር። ደኅና ነው። ግን ጣፊያው አብጧል፣ የጉበቱ ፊት ሸካራ ነው፣ የደም ምርመራውም አላማረም። ምስክሮቹ ሁሉ ታሟል ሲሉ ደም ሥሩ ብቻ ደኅና ነኝ ይላል።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» አለችው። «አልጣመኝም። ባዶ ሆድዎን ይምጡ፤ ልክ እንደ ዛሬው።»

«ልክ እንደ ዛሬው እመጣለሁ» አለ ቶአደር።

ቃሉንም አከበረ፤ ልክ እንደዚያው ቀን ሆኖ መጣ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ስማራንዳ መሣሪያውን ጠረጠረች። ከአውራጃው ዋና ከተማ ከሱቻቫ ባለሙያ አስጠራች። ሰውዬው ግማሽ ቀን ፈታቶ ገጣጥሞ «ዶክተር፣ ይሄ መሣሪያ ከኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው» ብሏት ሄደ። የጨጓራና የጉበት ሐኪሙ ኦቪዲዩ ደግሞ፣ አብሯት የተማረ ስለሆነ አፉ አይያዝም፣ ኮሪደር ላይ ያዛት።

«ስሚ እንጂ፣ ያን ዘማሪ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጥረሽዋል አሉ።»

«ቁጥሩ አልገጠመልኝም።»

«ቁጥሩ ነው ወይስ ጢሙ?»

«ወዲያ ሂድልኝ» አለችው። ጆሮዋ ግን ቀላ።

ፖያናም ወሬ አላጣም። «ሐኪሟ ቶአደርን አላስቀምጥ አለችው፤ ጉበቱን ፈልጋ አይመስለኝም» ይሉ ጀመር ባልቴቶቹ። ቶአደር «ኧረ ዝም በሉ፣ ሐኪሟ ይሰሙና ያፍራሉ» ይላቸዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ጢሙን ተከርክሞ፣ በአዲስ ሸሚዝ ነው ሚኒባስ የተሳፈረው።

ያን ቀን ሕመምተኛ አልበዛም። እየለካች ስታወራው «አንተ» ማለት መጀመሯን እንኳ ልብ አላለችውም።

«ሚስት የለህም?»

«ልትኖረኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ቀለበት አስረን ነበር። ለጋብቻው የደም ምርመራ ሲጠይቁን የኔ ወረቀት ይሄን በሽታ ይዞ ወጣ። ወረቀቱን አየችና... በነጋታው አባቷ ቀለበቱን በጎረቤት እጅ ላከልኝ። እሷን እንኳ አላየኋትም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ መዘመር ነው። የሰው ሠርግ ላይ በደንብ እዘምራለሁ።»

ስማራንዳ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አሥራ ስምንት።

ሸሚዙን ቆልፎ ሲጨርስ ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጣ። «ይሄን ለአንቺ... ለእርስዎ ነው ያመጣሁት። ለአያ ኮስታኬ ነፍስ ነው፤ እምቢ አይባልም።»

ፈታችው። ኮሊቫ ነው፣ የተዝካር ንፍሮ፤ የተቀቀለ ስንዴ በማር የተለወሰ፣ ኦቾሎኒ የተነሰነሰበት። የሎሚ ልጣጭ ሽታው ክፍሉን አወደው።

«ነፍስ ይማር» አለች። «ለራስህስ?»

«እኔማ ድርሻዬን ጠዋት አግኝቻለሁ። ቅዳሜ የሙታን ቀን አይደል? ሁልጊዜ ተዝካር አለ። ዘማሪ ደግሞ ሳህኑን ሞልተው ነው የሚሰጡት።»

የስማራንዳ እጅ ንፍሮውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«አሁን ሳህኑን ሞልተው አላልክም?»

«እሱማ መብል አይደለም» አለ ቶአደር፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። «የሟቹ ነው። የሚበላው አያ ኮስታኬ ነው፤ እኔ አፌን ብቻ ነው ያዋስኩት።»

«የገባው ግን ማን ሆድ ውስጥ ነው?»

ቶአደር ሆዱን ዳሰስ አደረገ። አሰበ።

«...የኔ።»

«ሦስቱንም ቅዳሜ?»

«ሦስቱንም። የመጀመሪያው የእትዬ ሳፍታ ሙት ዓመት ነበር፣ ሁለተኛው...»

«ተወው! ባለሙያ ከሱቻቫ አስጠርቼ፣ መሣሪያ አስፈትቼ፣ የሆስፒታሉ መሳቂያ ሆኜ...»

ሲስተር ፍሎሪካ አፏን በእጇ አፍና ወጣች። ይህን ጉድ ለማንም ሳይናገሩ መዋል ከባድ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሆስፒታሉ በሙሉ ሰማ።

ስማራንዳ ንዴቷ ሲበርድላት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ስማኝ። ሰው ሲበላ ከአንጀቱ ወደ ጉበቱ ብዙ ደም ይሮጣል። ደም ሥሩ ይፈጥናል፣ ጤነኛ ይመስላል። እስካሁን የለካሁት የስንዴውንና የማሩን ሩጫ ነው፤ አንተን ገና አላየሁህም።»

ቶአደር ፊቱ ተለወጠ። «እና ቁጥሩ ደኅና ነው ያልሽኝ...»

«አላውቅም። ማክሰኞ ና። ማንም ቢሞት፣ የማንም ተዝካር ቢሆን፣ ባዶ ሆድህን ና።»

«እምቢ ብል እኮ ሟቹን ነፍስ ይማር አላልኩም ማለት ነው።»

«በኪስህ ያዘው። ከምርመራው በኋላ ትበላለህ፤ ሟቹ ሁለት ሰዓት ቢቆይ አይጎዳም።»

ማክሰኞ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ከሰኞ ማታ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የቀመሰው። እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። ስማራንዳ ቅባቱን በመዳፏ ሞቅ አድርጋ ቀባችው፤ ለሌላ ሰው እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ደም ሥሩን አገኘች። ድምፁን ከፈተች።

ቁጥሩን ገና ሳታነብ ቶአደር ዐይኑን እንደጨፈነ ተናገረ።

«ዝቅ ብሏል።»

«ምኑ?»

«ድምፁ። ያን ጊዜ ከዚህ ከፍ ይል ነበር። አሁን ወርዷል።»

እውነቱን ነው። ደሙ ሲዘገይ የመሣሪያው ድምፅ ይወርዳል። ስማራንዳ ለአዳዲስ ሐኪሞች ይህን ለማስረዳት ስንት ቀን ትደክማለች፤ እሱ ግን በጆሮው ብቻ ደረሰበት። ሊደበቅ አልቻለም። አሥራ አንድ። ወደ ጨጓራው ጠጋ ስትል ደግሞ የጓሮው መንገድ ታየ፤ የተጠማዘዘ፣ ያበጠ ደም ሥር።

እንደገና ለካች። አሥራ አንድ። የመለኪያውን መስመር ትንሽ ዘወር አደረገችው፣ ደግሞ ትንሽ። አሥራ ሦስት አለ። አሥራ ሦስት ይሻላል፣ ያን ያህል አያስፈራም። ልትጽፈው ጣቷን አነሳች።

የዚያን ጊዜ ነው ምን እያደረገች እንደሆነ የገባት። ቁጥሩን ሰርዛ አሥራ አንድ ብላ ጻፈች። ተነሳች።

«ሐሙስ ዶክተር ኦቪዲዩ ጋ ትሄዳለህ» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «በጉሮሮህ ካሜራ አስገብቶ ያያል። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪምህ እሱ ነው።»

«አንቺስ?»

«እሱ ጎበዝ ነው። ሁሉንም ይነግርሃል።»

«ስማራንዳ... ምን አየሽ?»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። አንድ ቃል ብትናገር እንባዋ ሊቀድማት ነው። ሆድ ብሷት፣ አፍራም፣ እሱ ከአልጋው ሳይነሳ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሐሙስ ኦቪዲዩ ደወለላት። «ዘማሪሽ አልመጣም።»

«መንገድ ይሆናል።»

በተከታዩ ሐሙስም አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። በዚያን ቀን ኦቪዲዩ ቀልዱን ትቶ ክፍሏ ድረስ መጣ።

«ደም ሥሮቹ አንቺ እንደጻፍሽው ከሆኑ ይሄ ሰው ጊዜ የለውም። ሲያስለው፣ ከባድ ነገር ሲያነሳ፣ ዝም ብሎ በተቀመጠበትም ሊፈነዳበት ይችላል። ለምንድን ነው የማይመጣው?»

«አላውቅም» አለች። ታውቀው ነበር፤ ቢያንስ ጠርጥራዋለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሸሸገችው ግን እሷ ነበረች፣ የራሷን።

እሑድ ጠዋት አሮጌ መኪናዋን አስነስታ ፖያና ሄደች። ስትደርስ ቅዳሴው አላለቀም። ከኋላ፣ ከባልቴቶቹ መሀል ቆመች። ቶአደር በግራ በኩል ቆሞ ያዜማል። እንዲህ ያለ ድምፅ አለው ብላ አልገመተችም፤ ሰፊ ነው፣ ሰውን ከነጭንቀቱ ያቅፋል። ድምፁን ወደ ላይ ባወጣ ቁጥር ግን እሷ ከውስጥ የሚታያት ያ የተጠማዘዘ ደም ሥር ነው። «ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው በናትህ» ትላለች በልቧ። ቅዳሴ እንደዚያን ቀን ረዝሞባት አያውቅም።

ደጀ ሰላሙ ላይ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊት እጇን ያዙ። የሟቹ የኮስታኬ ባለቤት እማማ አግላያ ናቸው።

«አንቺ ነሽ ሐኪሟ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ምን አድርገሽብን ነው? ልጁ የማማሊጋ ገንፎውን አይቀምስ፣ ከሰው አይጫወት። ለሌላ ሐኪም ሰጠችኝ አለ። እኛ ዘንድ ሐኪም እጁን ታጥቦ ለሌላ ያሳለፈው ሰው የሬሳ ሳጥኑን እንጨት ነው የሚያማርጠው።»

«እንዲያ ብሎ ነው የተረዳው?»

«ሌላ ምን ይረዳ? ነገርሽው እንዴ?»

አልነገረችውም። እማማ አግላያ ፊቷን አዩና ድምፃቸውን አለዘቡ። «እዚያ ነው፣ የዋልነቱ ዛፍ ሥር። ሂጂ። እኛ አንሰማም» አሉ። ከሦስት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነውም፣ ሁሉ ነገር በሚሰማበት ርቀት፣ የወደቀ ቅጠል መጥረግ ጀመሩ።

ቶአደር ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ። «ዶክተር፣ እንኳን ደኅና መጡ።»

ይህ «ዶክተር» እና «መጡ» ከጥፊ ይልቅ አመማት።

«ለምን አልመጣህም?»

«ምን ላድርግ ብዬ? ነገሩ ገብቶኛል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ አይገድልም። ብቻ...» ባርኔጣውን አዟዟረው። «ብቻ እርስዎ ይሄዳሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«አሥራ አንድ ነበር» አለች ስማራንዳ።

«ምኑ?»

«ቁጥርህ። አሥራ አንድ ነበር። እኔ ግን መለኪያውን አጣምሜ አሥራ ሦስት አደረግሁት። ልጽፈውም ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ለማንም አድርጌው አላውቅም። ለእናቴ እንኳ፣ ጉበቷን እኔ ራሴ ሳይላት፣ አንዲት ቁጥር አልጨመርኩላትም። ላንተ ግን እጄ ሄደ።»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል ደግሞ» አለችና እንባዋ መጣ። «ደኅና እንድትሆን ስለፈለግሁ ነዋ! ከእውነቱ ይልቅ አንተን ስለፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሐኪም ሰው ይገድላል፣ ቶአደር። የሚወዱትን ሰው መለካት አይቻልም። ለኦቪዲዩ የሰጠሁህ እሱ ስለማይወድህ ነው፤ ዐይኑ አይጋረድም። ሽሽት አይደለም። ልነግርህ አፈርኩ፣ ያ ነው ጥፋቴ።»

ከወዲያ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። አራቱም ባልቴቶች ቅጠሉን ረስተውታል።

ቶአደር ባርኔጣውን መልሶ አደረገና ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ቀረበ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ። ‹አንቺ› ተመልሳ መጣች። «የቀረሁት በንዴት ብቻ አይደለም። ፈርቼ ነው። በጉሮሮዬ ብረት ያስገባሉ አሉ። ድምፄን ቢወስደውስ? ከሱ በቀር ምን አለኝ?»

«አይወስደውም።»

«ቢወስደውስ?»

«ዝም ብለህ ትኖራለህ። ድምፅ የሌለው ቶአደር ይሁን፤ የሞተ ቶአደር ግን አልችልም።»

ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። «ሐሙስ ነው?»

«ሐሙስ ነው።»

«ባዶ ሆዴን?»

«ባዶ ሆድህን።»

«አንቺ ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ግን አይደለም።»

እማማ አግላያ ከወዲያ «ተመስገን» አሉ። ያልሰሙት ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ስማራንዳ ፈቃድ ጠየቀች። ነጭ ጋውኗን ቤቷ ትታ፣ በተራ ካፖርትና በቦርሳ፣ ከኦቪዲዩ ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከገጠር ሴቶች መሀል ተቀመጠች። በዚያ ኮሪደር ስትሮጥ ኖራለች፤ ወንበሩ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር።

ሲስተር ፍሎሪካ ወረቀት ይዛ ወጣች።

«ዶክተር፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይግቡ እንጂ።»

«ዛሬ ዶክተር አይደለሁም።»

ፍሎሪካ አየቻትና ገባት። ወረቀቱን ዘረጋችላት። «እንግዲያው ይሄን ይዩልኝ። ቅጹ ላይ ‹የቅርብ ዘመድ› የሚለውን ‹የለኝም› ብሎ ሞልቶታል። የሚጠራ ሰው ሳይኖር ማደንዘዣ አንሰጥም።»

ስማራንዳ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ‹የለኝም› የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ስሟን፣ ስልኳን ጻፈች። ‹ዝምድና› የሚለው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጻፈች፤ ‹እጮኛ›።

«ያውቃል?» አለች ፍሎሪካ።

«አያውቅም።»

«በሞቴ እኔ ልንገረው» ብላ ወረቀቱን ነጥቃት ገባች።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። «እጮኛህ ውጭ ናት አልኩት። እጮኛ የለኝም አለኝ። አሁን አለህ አልኩት፤ ስምዎን አሳየሁት። ማደንዘዣው ሲገባለት እየሳቀ ነበር።» በሩ ተዘጋ።

ስማራንዳ ያ በር ሲዘጋ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ ታውቃለች። ማወቋ ምንም አልጠቀማትም። ሰዓቷን አየች፣ እንደገና አየች፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሄደው። ከጎኗ ያለችው ሴት ባሏ እዚያው ውስጥ ተራ ይጠብቃል። «መጀመሪያሽ ነው?» አለቻት። «መጀመሪያዬ ነው» አለች ስማራንዳ። ሴትዮዋ ምንም ሳትል ጉልበቷ ላይ እጇን አስቀመጠችላት።

አርባ ደቂቃ ሲሆን ኦቪዲዩ ጭምብሉን አውርዶ ወጣ። እንደ ባልደረባው ነበር ያናገራት፤ ደረጃ ሁለት፣ ቀይ ምልክት፣ ስንት ላስቲክ... ስማራንዳ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች። በየቀኑ የምትናገራቸው ቃላት ናቸው። አንዱም ጆሮዋ አልገባም።

«ኦቪዲዩ» አለችው። «ይድናል?»

ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። አግዳሚው ወንበር ላይ፣ በእሷና በሴትዮዋ መሀል ተጨናንቆ ተቀመጠ።

«አብጠው ነበር» አላት በቀስታ፣ ለሕመምተኛ ቤተሰብ እንደሚነገረው። «አራት ቦታ በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። አልፈነዱም፣ ደርሰናል። ከወር በኋላ ደግሜ አያለሁ። ግፊቱን የሚያወርድ ኪኒን ይውጣል። የጉበቱ ጠባሳ አይጠፋም፤ ኪኒኑን ከዋጠና በየጊዜው ከታየ ግን ብዙ ዓመት አብሯችሁ ይኖራል።»

«ድምፁስ?»

«ሁለት ሳምንት አያዜምም። ከዚያ እንደፈለገ ይጩህ።»

ስማራንዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ በሥራ ቦታዋ፣ በሰው ፊት። ሴትዮዋ ከብብቷ መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ ዳነልሽ እኮ። ባልሽ ነው?»

«ሊሆን ነው» አለች ስማራንዳ።

ቶአደር የነቃው ከቀትር በኋላ ነው። ዐይኑን ሲገልጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ከንፈሩ ላይ አደረገች።

«እንዳትናገር፤ ዛሬ መናገር የለብህም። እኔ ልናገር።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያ ቅጹ ላይ የጻፍኩት... ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው። ሳልጠይቅህ ነው የጻፍኩት። ደግ አላደረግሁም። ካልፈለግህ ፍሎሪካ ትሰርዘዋለች፣ ማንም አይቀየምም።»

ቶአደር ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አንዴ አይደለም፤ እንዳይሰረዝ መፈለጉ እስኪገባት ድረስ ነቀነቀ። ከዚያ በጠባቡ አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላትና እጇን ያዘ። እስከ ምሽት አልለቀቃትም፤ ሲስተር ፍሎሪካ የደም ግፊቱን ልትለካ ስትመጣ እንኳ የሰጣት ሌላኛውን ክንዱን ነው።